ማን የት ተቀመጠ? የአሜሪካን ደቡብ ገጠር ስለሚያሳይ አንድ የትዝታ ሥዕል

በአሜሪካ በቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ፣ የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽና ቤተ መዘክር የሚባል ተቋም አለ። በዚህ ተቋም ከሚገኙት ቅርሶች አንዱ ቁመቱ 1.83 ሜትር፣ ወርዱ 3.05 ሜትር የሆነ፣ በሸራ ላይ በአክሪሊክ ቀለም የተሠራ ሥዕል ነው። ስሙ «የካንትሪ ሙዚቃ ምንጮች» ይባላል። ሠዓሊው ቶማስ ሃርት ቤንተን ጃንዋሪ 19 ቀን 1975 በሥራ ክፍሉ ውስጥ ሲሞት ይህ ሥዕል የመጨረሻ ሥራው ሆኖ ቀረ። ፊርማውም አላረፈበትም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሥዕል በእኛ መጽሔት ላይ ማንሣት ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። ሥዕሉ የተሠራው አንድ የቅርስ ተቋም «ያለፈውን ኑሯችንን ሣልልን» ብሎ ሠዓሊ ስላዘዘ ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በየማኅበሩ፣ በየትምህርት ቤቱና በየባህል ማእከሉ ይሰጣል። ሥዕሉ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ልጆች ያለፈውን ዘመን የሚያውቁት በሥዕሉ ዓይን ነው። ስለዚህ የትዝታን ሥዕል ማድነቅ ብቻ ሳይሆን መመርመርም ተገቢ ይሆናል። የምንመረምረው ነገርም በቤንተን ሸራ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ትዝታ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የሚመጣው ለእያንዳንዱ ሰው በሚሰጠው መቀመጫ ነው።

ሠዓሊውና ዘመኑ

እዚህ ላይ «ደቡብ» የምንለው ደቡብ አሜሪካ የሚባለውን ክፍለ ዓለም ሳይሆን፣ በዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ እነቴነሲ፣ ሚሲሲፒ፣ አላባማና ጆርጂያ ያሉበትን ምድር ነው። ይህ ምድር ሁለት ገጽ አለው። በተራራው በኩል ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የመጡ ድሆች ገበሬዎች ሰፍረው የቆየ ዜማቸውን ጠብቀው ኖረዋል። በቆላው በኩል ደግሞ ከአፍሪካ በግድ የተጋዙ ሰዎችና ልጆቻቸው ጥጥ ሲለቅሙ ኖረዋል። ባርነት በ1865 በሕግ ከተሻረ በኋላም ብዙዎቹ የሌላ ሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ፣ ከዕዳ የማይወጡ ጢሰኞች ሆነው ቀርተዋል።

ቤንተን የተወለደው በ1889 በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ኒዮሾ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የአገሪቱ ምክር ቤት አባል ስለነበሩ ልጁ በገጠሩና በዋሽንግተን መካከል እየተመላለሰ አደገ። ሥዕል በቺካጎ ከጀመረ በኋላ በ1908 ወደ ፓሪስ ሄዶ ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ ከዚያም በኒው ዮርክ ኖረ። በ1920ዎቹ የሥዕል ደብተሩን ይዞ በገጠር መዞር ጀመረ። በ1928 ያደረገው ረጅም ጉዞ በተራሮቹና በጥጥ እርሻዎቹ አድርጎ እስከ ደቡብ ጥግ ድረስ ወሰደው። ዕድሜ ልኩን ይጠቀምባቸው የነበሩት ንድፎች በብዛት የተሰበሰቡት በእነዚያ ጉዞዎች ነው።

በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ከወደቀ በኋላ ሕዝቡ ወደ ራሱ መንደር የሚመለከት ሥዕል ወደደ። ቤንተን፣ ከአይዋው ግራንት ዉድና ከካንሳሱ ጆን ስቱዋርት ከሪ ጋር ሆኖ «ሪጅናሊስት» ተባለ፤ የየአካባቢውን ኑሮ የሚሥሉ ለማለት ነው። በዲሴምበር 1934 ታይም መጽሔት የቤንተንን ምስል በሽፋኑ ላይ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሠዓሊው ኒው ዮርክን ትቶ ወደ ካንሳስ ሲቲ ገባ። ነገር ግን ዝናው አልዘለቀም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኒው ዮርክ ሠዓሊዎች የሰውና የመንደር መልክ መሣልን ተዉ። የአዲሱ አሣሣል ዋና ጀግና የሆነው ጃክሰን ፖሎክ ደግሞ የቤንተን የራሱ ተማሪ ነበር።

እንግዲህ በ1973 መጨረሻ የናሽቪል ሰዎች ሲመጡበት ቤንተን 84 ዓመት የሞላው፣ ወቅቱ ያለፈበት የሚባል ሽማግሌ ነበር። ካግባቡት ሰዎች አንዱ ዘፋኙና የፊልም ተዋናዩ ቴክስ ሪተር ነበር፤ እርሱም ሥዕሉ ሳያልቅ በ1974 መጀመሪያ ሞተ። የተሰጠው ትእዛዝ የታወቁ ዘፋኞችን እንዲሥል አልነበረም። ሸክላና ኮከብ ሳይመጣ በፊት ዘፈኑ ከየት እንደ ፈለቀ እንዲያሳይ ነበር የተጠየቀው። ሥራው ለቤንተን እንግዳ አልሆነበትም። እርሱ ራሱ ሃርሞኒካ ይጫወት፣ የገጠር ዘፈን ይሰበስብ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያም ከወዳጆቹ ጋር ተጫውቶ ሸክላ ያስቀዳ ሰው ነበርና።

በሸራው ላይ ያለው

ሥዕሉ አምስት ጨዋታዎችን በአንድ ሜዳ ላይ ያሰባስባል። በመሐል ሁለት ሰዎች ቫዮሊን ይመታሉ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጨፍሩ ወንዶችና ሴቶች በእነርሱ ዜማ ይዞራሉ። በግራ ከፍ ብሎ የሰንበት ልብሳቸውን የለበሱ ሦስት ሴቶች የመዝሙር መጽሐፍ ይዘው ይዘምራሉ። ከፊት ለፊት ባዶ እግራቸውን የሆኑ ሁለት የተራራ አገር ሴቶች በደልሲመር ይዘፍናሉ፤ ደልሲመር ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ የክር መሣሪያ ነው። በቀኝ በኩል ሽጉጥ የታጠቀ ካውቦይ አንድ እግሩን ኮርቻው ላይ አሳርፎ ጊታር ይመታል። ይህ ምስል ለሟቹ ለቴክስ ሪተር መታሰቢያ ነው ይባላል። በዚያው በቀኝ በኩል ጥቁር ሰው ባንጆ ይዞ ይጫወታል፤ ጥጥ ለቃሚ ይመስላል። ከኋላ ባቡር ይገሰግሳል፤ በወንዙም ላይ በእንፋሎት የምትሄድ ጀልባ ትታያለች። ከሐዲዱ ማዶ፣ በወንዙ ዳር፣ ጥቁር ሴቶች ይጨፍራሉ።

የሥዕሉ ትልቁ ውበት ምቱ ነው። ቤንተን ሰውን ቀጥ አድርጎ አያቆምም፤ ወገቡን ያጥፈዋል፣ ትከሻውን ያዞረዋል፣ ክንዱን ያስረዝመዋል። የአንዱ ሰው መታጠፍ ለሌላው መታጠፍ መልስ ይሰጣል፤ ዓይናችን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። የስልክ እንጨቶቹ ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው ከዜማው ጋር የሚወዛወዙ ይመስላሉ። አምስቱ ጨዋታዎች በእውነቱ ዓለም ቢገናኙ ጆሮ የሚያደነቁር ጫጫታ ይሆኑ ነበር፤ በሸራው ላይ ግን አንድ ከበሮ የሚመታላቸው ያህል ይስማማሉ። ድምፅ የሌለውን ነገር እንዲህ ማሰማት ለ85 ዓመት አዛውንት ቀርቶ ለጎልማሳም ከባድ ነው።

ይህ ኃይል ከምን እንደ መጣ የአሠራሩ ዘዴ ይነግረናል። ቤንተን አንድ ትልቅ ሥዕል ከመጀመሩ በፊት ሰዎቹን በትንሹ ከጭቃ ይሠራቸው ነበር። ብርሃን ያበራባቸዋል፣ ጥላቸው የት እንደሚያርፍ ያያል፣ ቦታቸውን ያለዋውጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሸራው የሚሄደው። የእናቶቻችንን የሸክላ ምስሎች ያየ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በጣት ተጠፍጥፎ የወጣ ሰው ክብደትና ጀርባ አለው፤ ቤንተን ያንን ክብደት ወደ ሸራው ያሻግረዋል።

ነገር ግን ከዚህ ዘዴ አንድ የሚያሳስብ ነገር ይከተላል። ሰዎቹን በእጁ አንሥቶ የሚያስቀምጣቸው ሠዓሊው ነው። ማን ከፊት እንደሚሆን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጨፍር፣ ማን ማዶ እንደሚቀር ሁሉ የታሰበበት ነው። ስለዚህ «አጋጣሚ ነው» ብለን ልናልፈው አንችልም።

በሥዕሉ ውስጥ የሚሠራ ሰው አለመኖሩንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጥጥ ለቃሚው ጥጥ አይለቅምም፤ ከብት ነጂው ከብት አይነዳም። ርእሱ ሙዚቃ ስለ ሆነ ይህ ያስኬዳል። ሆኖም ትዝታ የሚሠራው ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ ከሳምንቱ ሰባት ቀናት የበዓሉን ቀን ብቻ ያወጣና ዘመኑ ሁሉ በዓል የነበረ ያስመስለዋል። በዚያ ምድር አብዛኛው ዘፈን የተወለደው ከሥራ ድካም፣ ከዕዳና ከስደት ነው። በሸራው ላይ ዘፈኑ አለ፤ ዘፈኑን የወለደው ነገር ግን የለም።

የባቡሩ ነገር

ቤንተን ከተራ የትዝታ ሠዓሊዎች የሚለየው በባቡሩ ነው። ባቡሩ ወደ መንደሩ ሲገባ ሬዲዮው፣ ሸክላው፣ ፋብሪካውና ከተማው ተከትለውት ይገባሉ። ሠዓሊው የሚወደውን ኑሮ ያጠፋውን ነገር ከሥዕሉ አላስወጣውም። በመሐል ከኋላ አስቀምጦ እየገሰገሰ እንዲመጣ አድርጎታል። ጨፋሪዎቹ አያዩትም፤ እኛ ግን እናየዋለን። ይህ የታማኝ ትዝታ ምልክት ነው። በእኛ ቅኝት ትዝታ የሚባለው ዜማ ልብ የሚነካው የቀረውንና የሄደውን ባንድነት ስለሚያሰማ ነው፤ ይህም ባቡር በሥዕሉ ውስጥ የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። ቤንተን በሞተበት ምሽት ባቡሩን እንደገና ልሣለው ወይስ ይቅር እያለ ያሰላስል ነበር ይባላል።

ባቡሩ የተሣለው በዘፈን የታወቀውን የኬሲ ጆንስን ባቡር መሠረት አድርጎ ነው። የዚያ ባቡር ታሪክ በደንብ ሲታይ ሥዕሉ ከተናገረው በላይ ይናገራል። ባቡር ነጂው ኬሲ ጆንስ ኤፕሪል 30 ቀን 1900 ሌሊት በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፣ ቮን በምትባል ጣቢያ አጠገብ፣ በሐዲዱ ላይ ከቆመ የጭነት ባቡር ጋር ተጋጨ። እስከ መጨረሻው ፍሬኑን ስለያዘ ተሳፋሪዎቹ ተረፉ፤ የሞተው እርሱ ብቻ ነበር። አብሮት የነበረው እሳት አንዳጅ ሲም ዌብ ጥቁር ሰው ነበር፤ ጆንስ ዝለል ብሎት ዘሎ ዳነ። የጆንስን ሞት መጀመሪያ በዘፈን ያወጣው ደግሞ በካንተን ከተማ የባቡር ሞተር የሚያጸዳ ዋላስ ሳንደርስ የሚባል ጥቁር ሠራተኛ ነው። ዘፈኑን ሌሎች አሻሽለው አሳትመው ተጠቀሙበት፤ አገሩ ሁሉም ዘፈነው። ሳንደርስ ግን ከዝናውም ሆነ ከገንዘቡ የደረሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በዚህ ሥዕል ላይ ባቡሩ የሁሉም ሰው የጋራ ትዝታ ሆኖ ይሮጣል፤ ባቡሩን በዘፈን ያስታወሰው ሰው ወገኖች ግን ከሐዲዱ ማዶ ናቸው። በብዙ የደቡብ ከተሞች የነጮችንና የጥቁሮችን ሰፈር የሚለየው ያው የባቡር ሐዲድ ነበር። የአሜሪካ ሰው «ከሐዲዱ ማዶ» ሲል የድሆችንና የተገፉትን ሰፈር ማለቱ ነው። ቤንተን ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም።

ባንጆው የማን ነው?

ወደ ባንጆ ተጫዋቹ እንመለስ። ባንጆ ከአፍሪካ የመጣ መሣሪያ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ከቅል ተሠርተው በቆዳ የሚለበጡ፣ ረጅም አንገት ያላቸው የክር መሣሪያዎች አሉ፤ ለምሳሌ በሴኔጋልና በጋምቢያ አገር አኮንቲንግ የሚባለው። የተጋዙት ሰዎች መሣሪያውን ተሸክመው መሄድ ባይችሉም ዕውቀቱን ይዘው ሄደው በአዲሱ ምድር እንደገና ሠሩት። ከዚያ በኋላ ነጮች ተማሩት፤ መጀመሪያም ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ጥቁሮችን በሚያላግጡበት መድረክ ላይ ተጫወቱበት። በመጨረሻ ባንጆ የነጭ ተራራ ገበሬ መሣሪያ ነው እስኪባል ድረስ ባለቤቱ ተረሳ።

የዘፈኑም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ1920ዎቹ የሸክላ ኩባንያዎች የደቡብን ሙዚቃ መሸጥ ሲጀምሩ በሁለት ዝርዝር ከፈሉት፤ አንዱን ለጥቁር ገዢዎች፣ ሌላውን ለነጭ የገጠር ገዢዎች አደረጉት። ዘፋኞቹ ግን እንዲህ ተከፍለው አልኖሩም ነበር። በ1927 በብሪስቶል ከተማ ሸክላ ያስቀዳው የካርተር ቤተሰብ አባት ኤ ፒ ካርተር፣ ዘፈን ሲሰበስብ ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር ጊታር ተጫዋች አብሮት ይዞር ነበር። ካርተር ግጥሙን ይጽፋል፤ ዜማውን በአእምሮው ይዞ የሚመለሰው ሪድል ነበር። ሃንክ ዊሊያምስ በልጅነቱ ጊታር የተማረው በአላባማ ከጥቁሩ የጎዳና ዘፋኝ ከሩፈስ ፔይን ነው። በናሽቪል ሬዲዮ ደግሞ ዲፎርድ ቤይሊ የሚባል ጥቁር ሃርሞኒካ ተጫዋች ነበር፤ የባቡርን ድምፅ በሃርሞኒካው እያስመሰለ ሕዝቡን ያስደንቅ ነበር። እስከ ዛሬ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የሚባለው ዝነኛ ፕሮግራም ይህን ስሙን ያገኘው በ1927 ቤይሊ የባቡር ዜማውን በተጫወተበት ምሽት ነው። ይሁን እንጂ ቤይሊ በ1941 ከፕሮግራሙ ተሰናበተ፤ ከዚያ በኋላም ጫማ እያሳመረ ኖረ።

ይህን ታሪክ ይዘን ሸራውን ስናየው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ቤንተን ባንጆውን ከምንጮቹ አንዱ አድርጎ ተቀብሎታል፤ ባንጆው ወደዚህ ወገን ተሻግሯል። ባንጆ ያመጡት ሰዎች ግን አልተሻገሩም፤ ሴቶቹ ርቀው በወንዙ ዳር ይጨፍራሉ። ካውቦዩም ብቻውን ነው ይባል ይሆናል። የካውቦዩ ብቸኝነት ግን የራሱ ምርጫ ነው፤ ኮርቻው እግሩ ሥር ስለ ሆነ ሲፈልግ ተነሥቶ ይሄዳል። የባንጆ ተጫዋቹን ብቸኝነት የፈጠረው ሌላ ነገር ነው፤ በእርሱና በወገኖቹ መካከል ሐዲድ ተዘርግቷል። በመሐል ያለው ጭፈራም እርሱን አይጨምርም። ሸራው ሁሉም በአንድ ምት ይጫወታል ይለናል፤ መቀመጫዎቹ ግን ሁሉም በአንድ ገበታ አልቀረቡም ይላሉ።

በሥዕሉ ውስጥ እነዚህ ሁለት ነገሮች አይታረቁም። ምናልባት ቤንተን የደቡብን ሥርዓት እንዳየው ሣለው፣ መለያየቱንም አልደበቀም ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ክርክሩም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ መለያየቱ በሥዕሉ ውስጥ እንደ ችግር አልታየም። እንደ ተራራውና እንደ ወንዙ የመልክአ ምድሩ ክፍል ሆኖ ቀርቧል። በዳርቻው የሚጨፍሩት ሴቶች ደስ ብሏቸዋል፤ ማንም ወዲህ ለመምጣት የሚፈልግ አይመስልም። ሰው የሠራውን አጥር አምላክ የፈጠረው ወንዝ ማስመሰል የትዝታ ሥዕል ዋነኛ ፈተና ነው።

ለሠዓሊው የሚገባው ፍርድ

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ስለ ቤንተን ሌላውንም ወገን መናገር አለብን። ይህ ሠዓሊ በጎልማሳነቱ ከባድ ነገር ለመሣል አይፈራም ነበር። በ1933 ለኢንዲያና ክፍለ ግዛት በሠራው የግድግዳ ሥዕል ላይ ኩ ክላክስ ክላን የሚባለውን የዘረኞች ማኅበር አሳይቷል። በ1936 በሚዙሪ ምክር ቤት ግድግዳ ላይ የባሪያ ንግድን ሥሏል። በ1935 ጥቁሮችን በስቅላት መግደልን ለመቃወም በኒው ዮርክ በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይም ሥራውን አቅርቧል። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት ሠዓሊው ስቱዋርት ዴቪስ፣ ቤንተን ጥቁሮችን የሚሥልበት መንገድ ማላገጫ ያስመስላቸዋል ብሎ በብርቱ ነቅፎታል። ስለዚህ ክርክሩ ዛሬ እኛ የፈጠርነው አይደለም፤ በዘመኑም ነበረ።

ሁለተኛው ነጥብ ከዚህ ይበልጣል። ቤንተን ጥቁሩን ባንጆ ተጫዋች በ1975 በዚያ ሸራ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ያዘዘው የክብር አዳራሽ ራሱ ከጥቁር ዘፋኞች አንዱንም አባል አላደረገም ነበር። የመጀመሪያው ቻርሊ ፕራይድ የገባው በ2000 ነው። ዲፎርድ ቤይሊ በ2005 ሲገባ ከሞተ 23 ዓመት ሆኖት ነበር። እንግዲህ ሥዕሉ ጥቁሩን ሰው ዳር አስቀመጠው ብለን ስንነቅፍ፣ ያ ዳር መቀመጫ ለ25 ዓመት ያህል አዳራሹ በአባልነት ለጥቁር ሰው ከሰጠው ሁሉ የበለጠ እንደ ነበረም መመስከር አለብን። አንዳንድ ጊዜ ሥዕል ከተቋሙ ይቀድማል፤ ከእውነቱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። የቤንተን ሥዕል ሁለቱንም ሆኗል።

ይህ ጉዳይ እኛን የሚነካው የት ላይ ነው?

የባንጆውን ታሪክ ሲሰሙ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ነገሩ አዲስ እንደማይሆንባቸው እናምናለን። በጎንደርና በትግራይ ገጠሮች አባቶቻችን ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ፣ ጥበብ ይሸምኑ፣ እናቶቻችን ማሰሮና ምጣድ ይሠሩ ነበር። ጎረቤት በማረሻው ያርሳል፣ በምጣዱ እንጀራውን ይጋግራል፤ ሠሪውን ግን ቡዳ እያለ ይሸሸዋል፣ ርስትም አይሰጠውም። እቃው ወዲህ ተሻገረ፤ ባለእጁ ማዶ ቀረ። የጎንደርን ገጠር በትዝታ የሚሥል ሌላ ሠዓሊ ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አድርጎ ምጣድ ሠሪዋን ቢረሳት፣ የጎደለውን ወዲያው የምናውቀው እኛ ነን።

ታዲያ የሌላውን ሥዕል በዚህ ዓይን የምናይ ከሆነ የራሳችንንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባናል። በእስራኤል በየማእከሉና በየቤቱ የሚሰቀሉት የጥልፍ፣ የሸክላና የቀለም ሥራዎች የምናውቀውን መንደር ያሳያሉ፤ ጎጆው፣ ወንዙ፣ ቄሱ፣ እንስራ የተሸከመችው ሴት፣ እርሻው ሁሉ አለ። ውበታቸው እውነት ነው፤ የሠሩትም እጆች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በእኛም መንደር ከሐዲዱ ማዶ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። በመካከላችን «ባሪያ» እየተባሉ፣ ከጋብቻም ሆነ ከሌላው ክብር ርቀው የኖሩ ቤተ ሰቦች እንደ ነበሩ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ ተመራማሪዎችም ጽፈውታል። ልጆቻቸው ዛሬ በየከተማው አብረውን አሉ። በግድግዳችን ላይ ባለው መንደር ውስጥ እነርሱ የት ተቀምጠዋል? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ስለ ከበደ ግን ከጥያቄነት አይወጣም።

ይህን ስንል ሥዕል ሁሉ የክስ ወረቀት ይሁን ማለታችን አይደለም። ከአገሩ የራቀ ሰው የጎጆውን ጭስ ማየት ይፈልጋል፤ ልጁም የአያቱን መንደር አምሮ ቢያየው ደስ ይለዋል። ቤንተን ያስተማረን ነገር ትዝታና እውነት በአንድ ሸራ ላይ አብረው መኖር እንደሚችሉ ነው፤ ባቡሩን ያልደበቀ ሠዓሊ ይህን አሳይቷል። ሐዲዱን እንደ ወንዝ አድርጎ ማሳየቱ ደግሞ እኛን ሊያስጠነቅቀን ይገባል። ስለዚህ አንድ ማኅበር የቀድሞ ኑሮውን ለማሣል ሲነሣ ከሠዓሊው ጋር ተቀምጦ አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጃል። በሥዕሉ ላይ ያለው መሣሪያ የማን እጅ ሥራ ነው? ሥራው ራሱ ይታያል ወይስ በዓሉ ብቻ? ያን ኑሮ ያስቀረው ነገር በሥዕሉ ውስጥ አለ? ደግሞስ ከዳር የተቀመጠው ማን ነው፣ ማንስ አስቀመጠው?

«የካንትሪ ሙዚቃ ምንጮች» ሊታይ የሚገባው ታላቅ ሥራ ነው፤ በጎደለውም በኩል ያስተምራል። ሠዓሊው ስሙን ሳይጽፍበት ሞቷል፤ ቢሆንም የማን ሥራ እንደ ሆነ ዓለም ሁሉ ያውቃል። የባቡሩን ዘፈን ያወጣውን የዋላስ ሳንደርስን ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። በየቤታችን ያሉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ማን ማረሻ እንደ ቀጠቀጠ፣ ማን ዜማ እንዳወጣ፣ ማንስ ማዶ እንደ ተቀመጠ አሁንም በስም ያስታውሳሉ። ቀለሙ ከመበጥበጡ በፊት እነርሱን ተቀምጦ መጠየቅና ስሞቹን መጻፍ የሠዓሊው ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ሥራ ነው።